የምንማረው በማን ገንዘብ ነው? ዘካ፣ ሰደቃና ወቅፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ

 

ግቢ እንደገባን ከሞላናቸው ወረቀቶች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ኮስት ሼሪንግ የምንለው ማለት ነው። መነሻው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲሆን፣ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየተቆረጠ እንዲከፍል ደንግጎ ነበር። የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። መንግሥት ሲባል ግን ገንዘቡ ከሰማይ አይወርድም። ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ በሸኮ መንገድ ዳር ቡናውን አስጥቶ የምናየው ገበሬ፣ ከመስጂዱ አጠገብ ያለው ባለ ሱቅ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም በግብራቸው ያስተምሩናል። ስለዚህ ማንም አልረዳኝም የሚል ተማሪ በእኛ ግቢ የለም።

ታዲያ ተማሪው ምን ጎደለው? ካፌው ያበላል፣ ዶርሙ ያሳድራል። የሚጎድለው በመካከል ያለው ትንንሽ ነገር ነው። ሃንዳውት ኮፒ ማድረጊያ፣ ሳሙና፣ ለእህቶቻችን ሞዴስ፣ ክሊኒኩ ጽፎ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ አውቶካድ የሚጭን ላፕቶፕ። ከወሎ ወይም ከሐረር ተነስቶ ቴፒ ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ቀን መኪና ላይ ነው፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ስላጣ ብቻ የእረፍቱን ጊዜ ባዶ ዶርም ውስጥ የሚያሳልፍ ወንድም አለ። እነዚህን በጀት አያያቸውም። የሚያያቸው አብሮ የሚያድር ሰው ነው። ለጋሽ የሚባለው ሰው ሥራም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀመሩም በስጦታ ነው የቆሙት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የስድስት ኪሎ ግቢ የምንለው ያንኑ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ የቴክኒክ ትብብር ነበር። ልደታ ያለው የሕንፃ ትምህርት ቤት ከስዊድን ጋር የተቋቋመ ነው። የዛሬው ሐረማያ፣ የያኔው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በአሜሪካ እርዳታና በኦክላሆማ መምህራን ተመሠረተ፤ ትምህርቱ መጀመሪያ የተሰጠውም እዚሁ ጎረቤታችን ጅማ ነበር። አሜሪካና ሶቪየት በሌላ ነገር ሁሉ ሲጣሉ የእኛን ተማሪ ለማስተማር ይሽቀዳደሙ ነበር ማለት ነው። ለአላህ ብለው እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ ተማሪው ግን ተምሮበታል።

በቅርብ ጊዜ ካየናቸው ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን እዚያ ያስተምራል። ፕሮግራሙን የወደድንለት አጠቃላይ እርዳታ ሳይሆን ማን እንደተረሳ አስቦ የመጣ በመሆኑ ነው።

የውጭ እርዳታ ግን አንድ ችግር አለበት። ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በየሀገሩ በዚያ ገንዘብ ላይ የቆሙ ፕሮጀክቶች በሳምንታት ውስጥ ተዘጉ። የሠራተኛው ጥፋት አልነበረም፣ የተረጂውም አልነበረም። ሌላ አገር የተፈረመ አንድ ወረቀት ነው።

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ የተበጀ መላ አለ፤ ወቅፍ። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ ጥሩ መሬት ደረሳቸውና ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተመከሩትም መሬቱን እንዲያስቀሩ፣ ፍሬውን እንዲሰጡ ነው። መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ለሰው አይሰጥም፤ በየዓመቱ የሚያወጣው ፍሬ ግን ለድሃውና ለመንገደኛው ይሄዳል። ወቅፍ ማለት ይኸው ነው። ሰደቀቱል ጃሪያ ስንል ብዙዎቻችን የውኃ ጉድጓድና መስጂድ ብቻ ነው የሚታየን። የኢስላም ትምህርት ቤቶች ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በዚህ መንገድ ነበር። መድረሳው ሱቅ፣ የእርሻ መሬት፣ ወፍጮ ወይም ሐማም ይወቀፍለታል፤ ከኪራዩ መምህሩ ይከፈለዋል፣ ተማሪው ዳቦ ይበላል፣ ለመብራቱ ዘይት ይገዛል።

ይህ ታሪክ የዐረቦች ብቻ አይደለም። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር ተማሪዎች በየአገራቸው የሚያድሩባቸው ሪዋቅ የሚባሉ ክፍሎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የጀበርቶች ሪዋቅ ነው፤ ከዘይላዕ፣ ከኢፋትና ከአካባቢው ለዒልም የሄዱ የእኛ ሰዎች የሚያድሩበት። ዶርም ብለን ብንጠራው አንሳሳትም። እዚያ ለሚኖሩት ከወቅፍ ገቢ በየጊዜው የዳቦ ድርሻ ይሰጣቸው ነበር። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር አይቶ የጻፈው ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዚህ ሪዋቅ ሸሆች ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ለትውልዶች የሪዋቁ ኃላፊ ነበር። ያንን ዳቦ የወቀፈው ሰው ከዘይላዕ ማን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር። ተማሪውም የሰጪውን ስም አያውቅም። ማንም ማንን አላመሰገነም፣ ማንም ማንን አላፈረም።

ወቅፍም ቢሆን የማይነካ ነገር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ የወቅፍ መሬቶችን ወደ መንግሥት እጅ ሲያስገባ አል-ጀበርቲ በሕይወት ነበር፤ በጽሑፉም አጥብቆ ነቅፎታል። ንብረቱ በሕግ ካልተጠበቀ የመስራቹ ኒያ ብቻውን አያድነውም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ሚያደናግረን ነገር እንምጣ። በጀመዓችን ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁሉም በአንድ ሳጥን ይገባል፣ ከአንድ ሳጥን ይወጣል። ነገር ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። ዘካ ባለመብቶቹ በቁርኣን የተቆጠሩ ስምንት ክፍሎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ዑለሞች እንደሚሉት ወደ ሰው እጅ መግባት አለበት። ስለዚህ ነጋዴ ወንድማችን ዘካዬ ነው ብሎ የሰጠንን ገንዘብ ለድሃ ተማሪ እንሰጠዋለን እንጂ መጽሐፍ መደርደሪያ አንሠራበትም፣ ለዓመታዊ ፕሮግራም ድንኳን አንከራይበትም። ሰደቃ ሰፊ ነው፤ ለመድኃኒትም፣ ለመሳፈሪያም፣ ለኢፍጣርም ይሆናል። ወቅፍ ደግሞ ዋናው አይነካም። ሦስት ደብተር መያዝ ከባድ አይደለም። ሰጪው ሲሰጥ የትኛው እንደሆነ መጠየቅም አያሳፍርም፤ እንዲያውም አማናችንን ያጠነክረዋል።

የቡና ዘካ ጉዳይ በዚህ አካባቢ ሁልጊዜ ይነሳል። በሐነፊዮች ዘንድ ከምድር የሚበቅል ምርት በጥቅሉ ዘካ አለበት፤ ሻፊዒዮች ደግሞ ለቀለብ በሚሆንና በሚከማች ሰብል ይወስኑታል፣ በእነሱ ቡና አይገባም። ለንግድ ተገዝቶ የተከማቸ ቡና ግን የንግድ ዕቃ ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ገበሬና ነጋዴ ቤተሰብ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ሸህ ጠይቁ። እኛ ፈትዋ መስጠት አንችልም፤ እኛ ኮንክሪት ነው የምናቦካው።

ስለ ሙያችን ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉም በላይ ልናሳስብ የምንፈልገው ስለ ጥገና ነው። በየዩኒቨርሲቲው በስጦታ የመጣ፣ የለጋሹ ስም የተለጠፈበት፣ አንድ ዕቃው ተበላሽቶ መለዋወጫ የሌለው ማሽን ይታያል። ለጋሹ ማሽኑን ሰጠ፤ ማሽኑን የሚያኖረውን አልሰጠም። በፊቅህ ግን ከወቅፍ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለወቅፉ ጥገና ነው፤ ተጠቃሚው ከዚያ በኋላ ይደርሰዋል። የጣሪያው ቀዳዳ ከተማሪው ዳቦ ይቀድማል። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ጣሪያው ከወደቀ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ዳቦም ጣሪያም አያገኝም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ምህንድስና ባይማሩም ገብቷቸዋል።

ዛሬ ታላላቅ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚኖሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ሀብት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በየዓመቱ የሚያወጣው ግን 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በ1264 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኦክስፎርዱ መርተን ኮሌጅ መተዳደሪያ ከወቅፍ ጋር ያለውን መመሳሰል በጥናት ያሳዩ ምሁራን አሉ፤ ሁሉም ባይስማማበትም። የእነሱ ገንዘብ አንዳንዱ በወለድ የሚሠራ ስለሆነ እሱን እንተወው። በሀገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ ፈልጉ ሲባሉ የለጋሽና የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳይ እየበረታ ይሄዳል። የእኛው ሚዛን ቴፒ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ገና በሥራ ዕድሜያቸው መካከል ናቸው፤ ሀብታም የሚባሉ አይደሉም፣ ግን ደመወዝ አላቸው።

በጀመዓችን የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ረመዷን ሲመጣ ይሰበሰባል፣ በሸዋል ያልቃል። ከዚያ በኋላ የታመመ ሲገኝ በየዶርሙ እየዞርን እንለምናለን፤ የታመመውም ስሙ በየዶርሙ ይዞራል። ሁለተኛው ነው የሚከብደው። ብዙ ሰው ችግሩን የሚደብቀው ለዚህ ነው፤ በተለይ እህቶች።

ለውይይት የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። 100 ተመራቂዎች በወር 200 ብር ቢሰጡ በዓመት 240,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ግማሹ ለዚያው ዓመት ችግር ይዋል። ግማሹ ግን ሥር ይሁን። ብሩን በሳጥን ማስቀመጥ አይሠራም፤ የዋጋ ንረቱ ይበላዋል። ስለዚህ ወደ ዕቃ መለወጥ አለበት። አንዱ አማራጭ ከግቢ ውጭ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤት ነው። ደንበኛው አስቀድሞ አለ፤ ከፈተና በፊት ያለውን ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቶነርና ጥገና መጀመሪያ ይወጣል፣ የቀረው ለችግረኛ ተማሪ። ሌላው አማራጭ ቡና ነው። ሰው ከማሳው ጥቂት እግር ቡና ቢወቅፍ መሬቱን ማንም አይገዛም፣ ለቀማውን ደግሞ ተማሪው ራሱ ቅዳሜና እሑድ ይሠራዋል። አዲስ ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ስለሆነ ፍሬሽ ሆኖ የተከለ ሰው ከመመረቁ በፊት የመጀመሪያውን ቀይ ቡና ያያል። የቡና ዋጋ አንድ ዓመት ይወጣል አንድ ዓመት ይወርዳልና ሁሉንም በቡና ላይ መጣል ግን አንመክርም።

ባለቤቱ ማን ይሁን? ይህ ነው ከባዱ። የተማሪ ጀመዓ በየዓመቱ አሚሩ ይቀያየራል፣ ንብረት በስሙ ማስመዝገብ አይችልም። በአንድ ወንድም ስም ማድረግ ደግሞ እሱ ቢሞት ለወራሾቹ ጠብ መተው ነው። የሙሐመድ ዐሊን ታሪክ ያነሳነው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ በአካባቢው መጅሊስ ወይም በመስጂዱ ኮሚቴ ስም ተጽፎ፣ ጥቅሙ ለተማሪዎች መሆኑ በጽሑፍ ቢቀመጥ አንዱ መንገድ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚያውቀው የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት ደግሞ ሌላው ነው። የሕግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶች ሁለቱን አነጻጽራችሁ ጻፉልን።

ለተረጂው ደግሞ አንድ አሠራር እንጠይቃለን። ስሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ለወንዶች ሁለት ወንድሞች፣ ለሴቶች ሁለት እህቶች። በደብተሩ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ የሚለው ግን በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለሁሉም ይነበብ።

ጥሬ ገንዘብን ራሱን መወቀፍ ይቻላል ወይ የሚለው በዑለሞች መካከል ልዩነት ያለበት ጉዳይ ነው። ጥያቄውን ለኡስታዞቻችን በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣለን። እስከዚያው የዘንድሮ ተመራቂዎች ስልካችሁን ለጀመዓው ጸሐፊ አስመዝግባችሁ ሂዱ።