የዕለት ደስታ፦ አንጎል የሚለምደውና የማይለምደው

እ.ኤ.አ. በ1978 ፊሊፕ ብሪክማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ፦ ሎተሪ የደረሰው ሰው ካልደረሰው ይልቅ ደስተኛ ነው? ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ ከ50 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ያሸነፉ 22 ሰዎችን አነጋገሩ፤ ዕጣ ያልወጣላቸው 22 የአካባቢው ነዋሪዎችንም ጠየቁ። በሁለቱ ወገኖች ደስታ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም ባለዕድሎቹ ከወዳጅ ጋር ከመጫወት፣ ቁርስ ከመብላት፣ ቀልድ ከመስማት፣ መጽሔት ከማንበብ የሚያገኙት እርካታ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ያ ጥናት ትንሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሰፋፊ ጥናቶች ገንዘብ የኑሮ እርካታን እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ የዕለት ጉርስ ለሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ ገንዘብ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ብሪክማን የነካው እውነት አልተሻረም፤ ሰው ትልቁንም መልካም ነገር ይለምደዋል። ስንት ዓመት የተለፋበት አዲስ ቤት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደማንኛውም ቤት ይሆናል። የደመወዝ ጭማሪውም ከወር አስቤዛው ጋር ተቀላቅሎ ይረሳል።

ታዲያ ደስተኛ ሰው ደስታውን ከየት ያመጣዋል? ኤድ ዲነር የተባለው ታዋቂ የደስታ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የሰውን ደስተኛነት ይበልጥ የሚወስነው የደስታው ኃይለኛነት ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ነው። በዓመት አንዴ ልብ ከሚያዘልል ነገር ይልቅ በቀን አምስት ጊዜ ፊትን ፈታ የሚያደርግ ነገር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን እንቆቅልሽ አለ። አንጎላችን ሚሊዮን ዶላር የሚለምድ ከሆነ በየቀኑ የምንጠጣውን ቡና፣ በየሳምንቱ የምናየውን ዘመድ እንዴት ሳይለምድ ይቀራል? እርግጥ እነዚህንም ይለምዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ደስታን ከመደብዘዝ የሚያድኑት ሁኔታዎች ምን ምን እንደሆኑ ተመራማሪዎች እየለዩ ነው። ብዙዎቹም እኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ያሉ ልማዶች ናቸው።

ስንጠብቅና ስናገኝ

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት በስዊዘርላንድ ሳለ በጦጣዎች ላይ ያካሄደው ምርምር የነገሩን ሥር ያሳያል። ጦጣዋ አፍ ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብ ሲል፣ በአንጎሏ መሃል የሚገኙት ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ ሴሎች በኃይል ይነቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ ሲደረግ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጦጣዋ ከለመደች በኋላ ሴሎቹ የሚነቁት መብራቱ ሲበራ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ እንደ ወትሯቸው ይሆናሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ሹልትዝ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተብራራው፣ ሴሎቹ የሚለኩት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልክ እንደጠበቅነው የመጣ ነገር ለእነርሱ አዲስ ዜና አይደለም።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኬንት ቤሪጅ ሌላ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። በእርሱ ምርምር፣ ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ምግብ ለመፈለግ አይነሡም። ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ከዚህ የምንረዳው መፈለግና ማጣጣም በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ውለን ምንም ሳናጣጥም ልንተኛ እንችላለን። ስልኩን ደጋግሞ እየከፈተ ምን እንዳየ የማያስታውስ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

እረፍት ጣዕም ይመልሳል

አንደኛው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ሊፍ ኔልሰንና ቶም ሜይቪስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ማሳጅ እንዲደረግላቸው አደረጉ፤ አንዱን ቡድን ሳያቋርጡ፣ ሌላውን በመሃል እረፍት እየሰጡ። ብዙ ሰው ባይቋረጥ እንደሚሻለው አስቀድሞ ገምቶ ነበር። ይበልጥ የተደሰቱት ግን የተቋረጠባቸው ናቸው። አጭሯ እረፍት ልምዱን ስለምትሰብረው፣ ሲቀጥል እንደ አዲስ ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆርዲ ክዋድባክና ኤሊዛቤት ደን ተመሳሳይ ነገር በቸኮላት ሞከሩ። አንዱ ቡድን ለአንድ ሳምንት ቸኮላት እንዳይቀምስ፣ ሌላው የፈለገውን ያህል እንዲበላ ተደረገ፤ ከሳምንቱ በኋላ ሁሉም ቸኮላት ቀመሱ። ይበልጥ ያጣጣሙትና ስሜታቸው የታደሰው ከቸኮላት ርቀው የቆዩት ነበሩ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ የቆየ ሰው በፋሲካ ሌሊት የዶሮውን ወጥ ሲቀምስ፣ ቀኑን የጾመ ሙስሊም ለኢፍጣር የመጀመሪያዋን ተምር አፉ ውስጥ ሲያደርግ የሚሰማው ጣዕም ከሌላው ቀን ሁሉ የተለየ ነው። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው እንጂ ለምላስ አይደለም። ቢሆንም ከነፍስ ዋጋው ጎን ለጎን፣ ያለንን ነገር እንደገና እንደ ስጦታ እንድንቀበለው ያደርገናል።

ልብ ያለበት ቦታ

ሁለተኛው ትኩረት ነው። ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለ2,250 ሰዎች በስልካቸው በኩል በዘፈቀደ ሰዓት ጥያቄ ይልኩ ነበር፦ አሁን ምን እያደረግህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው? ምን ይሰማሃል? ከመልሶቹ 47 በመቶ ያህሉ ሰዎቹ ከሚሠሩት ነገር ውጭ እያሰቡ እንደነበር አሳዩ። ልባቸው ሌላ ቦታ በነበረ ጊዜ ደስታቸው ያነሰ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚገርመው፣ የሰዎቹን ደስታ ከሚሠሩት ነገር ይልቅ ልባቸው ያለበት ቦታ በተሻለ ለመገመት ማስቻሉ ነው።

ገበታ ላይ የተቀመጠ ስልክም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ300 በላይ ሰዎች ከወዳጅና ከቤተሰብ ጋር ምግብ ሲበሉ አጥንቶ ነበር። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ እንዲሆን የተደረጉት ስልካቸውን ካስቀመጡት ይልቅ ሐሳባቸው ተበታተነ፤ ከጨዋታውም ያገኙት ደስታ ቀነሰ።

እጅ ሥራ ሲይዝ

ትኩረትን ያለ ጭንቀት ከሚሰበስቡ ነገሮች ዋናው በትርፍ ጊዜ ወደን የምንሠራው ሥራ ነው። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው ትውልደ ሃንጋሪ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሠዓሊዎችን፣ ተራራ ወጪዎችንና የቼዝ ተጫዋቾችን ለዓመታት ካጠና በኋላ፣ ሰው በሥራው ተውጦ ጊዜን የሚረሳበትን ሁኔታ ዘርዝሯል። ሥራው ከችሎታ ጋር የሚመጣጠን ሊሆን ይገባዋል፤ በጣም ከቀለለ ይሰለቻል፣ በጣም ከከበደ ያስጨንቃል። ግቡ ግልጽ፣ ውጤቱም ወዲያው የሚታይ መሆን አለበት።

በስንደዶና በአክርማ መሶብ የምትሰፋ ሴትን እንመልከት። በወስፌዋ ትወጋለች፣ ታሳልፋለች፣ ታጠብቃለች። ቀለሙ የሚቀየርበትን ቦታ እየቆጠረች ትሄዳለች፤ አንዷ ዙር ከተሳሳተች ሐረጉ ሁሉ ስለሚዛባ እዚያው ፈትታ ታስተካክላለች። እያንዳንዷ ስፌት ልክ መሆኗን ዓይኗ ወዲያው ይነግራታል። ግማሽ ቀን እንዲሁ ያልፍና ጎረቤት ሲጣራ ትባንናለች። ቺክሰንትሚሃይ የዘረዘራቸው ሁኔታዎች በሙሉ እጇ ላይ አሉ። ክራር የሚቃኝ ወጣት፣ በጓሮው ጎመን የሚኮተኩት ጡረተኛ፣ ጥላ ሥር ገበጣ የሚጫወቱ እረኞችም ይህንኑ ያገኛሉ።

ጥቅሙ በስፋት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኔቸር ሜዲሲን» ላይ የወጣ ሥራ በ16 አገሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 93,263 ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ መርምሯል። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያላቸው አረጋውያን የድብርት ምልክታቸው ያነሰ፣ ደስታቸውና የሕይወት እርካታቸው የበለጠ ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ሙሉ በሙሉ አይለይም፤ ጤነኛ ሰው ለመሥራትም ይበረታልና። ነገር ግን ውጤቱ በአገሮቹ ሁሉ ተቀራራቢ መሆኑ ችላ የሚባል አይደለም።

ዘመድ ሲጠየቅ

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበረታው ሰው ነው። ሰውን በቀላሉ የማንለምደው ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ የሚያወራው ወሬ፣ የሚስቅበት ነገር፣ የሚያሳስበው ጉዳይ ከአምናው ይለያል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረውና እስካሁን የቀጠለው ጥናት፣ ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከትሎ በእርጅና ጤናና ደስታ ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ መልካም ግንኙነት ጎልቶ እንደሚታይ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን፣ በድምሩ ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የላቀ መሆኑን አሳዩ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንዘገያለን? «ሥራ ይዞት ይሆናል»፣ «ከጠፋሁ ቆየሁ፤ አሁን በምን ዓይኔ እሄዳለሁ» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2022 ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ይህ ስጋት የተሳሳተ ሆኖ ተገኝቷል። አጭር መልእክት ወይም ትንሽ ስጦታ የላኩ ሰዎች ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሰው ገምተው ነበር። ተቀባዮቹን ይበልጥ ያስደሰተው ደግሞ ሳይጠብቁት የመጣው ነው። የሹልትዝ ጦጣዎች ያሳዩን ነገር እዚህም ይሠራል፤ ያልተጠበቀ መልካም ነገር አንጎልን ያነቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት የምትሠራ እህት በእረፍቷ የምትልካት የድምፅ መልእክት ለእናቷ የሳምንት ስንቅ የምትሆነው በከንቱ አይደለም።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ደስታ ሲካፈሉት እንደሚጨምርም ተለክቷል። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ሰዎች አንድ ዓይነት ቸኮላት ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ሲቀምሱ፣ አንዲት ቃል ባይነጋገሩም እንኳ፣ ሌላው ሰው ሌላ ነገር ሲያደርግ ብቻቸውን ከቀመሱት ይልቅ ጣፈጣቸው።

እስካሁን ያልናቸው ነገሮች ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ቢጠየቅ እኔ ከቡናችን የተሻለ አላውቅም። ሰው ሲሰበሰብ ቡናው ገና ጥሬ ነው። ታጥቦ ብረት ምጣዱ ላይ ይፈስሳል፤ ይንጣጣል፤ ጠቁሮ ወዙ ሲወጣ ምጣዱ ተነሥቶ በተቀመጡት ፊት ይዞራል። እያንዳንዱ ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ እየሳበ ያሸታል። ከዚያ ይወቀጣል፤ ጀበናው ውስጥ ይገባል፤ ፈልቶ ከወረደም በኋላ እስኪሰክን ይጠበቃል። ሽታው መጪውን ጣዕም አስቀድሞ የሚያበስር ምልክት ነው፤ ጥበቃው ራሱ ደስታ ይሆናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀርብ፣ ከቶናው በኋላም በረካው እስኪደርስ ያለው ክፍተት ደግሞ ጣዕሙን የሚያድስ እረፍት ነው። በመሃሉ ጨዋታው ይደራል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይጠየቃል። ይህ ቡና ብቻን ቆሞ አንድ ሲኒ ጨልጦ ከመሄድ ጋር ያለው ልዩነት ከፍሬው አይመጣም፤ ከአጠጣጡ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ትንንሽ ደስታዎች ለሕመም መድኃኒት አይደሉም። ቀድሞ ያስደስት የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕሙን አጥቶ ይህ ስሜት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የድብርት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ማማከር ይገባል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተደሰት» ብሎ መምከር አይጠቅመውም፤ ወደ ሕክምና አብሮ መሄድ ግን ይጠቅመዋል።

ለሌሎቻችን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትልቁን ቀን እየጠበቅን ትንንሾቹን ቀናት ካሳለፍናቸው፣ ትልቁ ቀን ሲመጣም ቶሎ እንለምደዋለን። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ያድርጉ። ገበታ ሲቀርብ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። የተዉትን የእጅ ሥራ፣ ክራርም ይሁን ጥልፍ፣ ከተቀመጠበት ያውጡ። «ከጠፋሁ ቆየሁ» እያሉ የፈሩትን ዘመድ ደግሞ ሄደው ይጠይቁ፤ ሩቅ ከሆነ ይደውሉ። ከሚገምቱት በላይ ደስ ይለዋል።