ፎርሙ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የትኛው ባግሩት?

ባለፈው ዓመት፣ ፔሳሕ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ከርሆቦት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንቺ ዕብራይስጡን ታነቢያለሽ፤ እስቲ ይሄ ወረቀት ምን እንደሚል ንገሪኝ» አሉ። ፎቶ አንስተው በዋትስአፕ ላኩልኝ። አንድ ገጽ ናት። ከላይ የልጁ ስም፣ ከታች የወላጅ ፊርማ ቦታ፣ መሀል ላይ ሦስት መስመር፦ ሒሳብ 3 የሂዶት፣ እንግሊዝኛ 4 የሂዶት፣ መጋማ ስፖርት። ልጁ ያኔ 9ኛ ክፍል ነበር፤ ወረቀቷ ደግሞ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ምን እንደሚማር የምትወስን ነበረች።

«ኢማ፣ ፈርሚልኝ በቃ፤ ነገ የመጨረሻው ቀን ነው» ብሏቸዋል።

እኚህ እናት ከጎንደር የመጡት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ነው። ዕብራይስጥ ይናገራሉ፤ በሚሠሩበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ከሁሉም ጋር ይግባባሉ። ማንበብ ላይ ግን ይቸገራሉ። ትምህርት ቤቱ በማሾቭ የሚልከውን መልዕክት የሚያነብላቸው ያው ልጃቸው ነው። ስለ ራሱ የተጻፈውን ራሱ ያነብላቸዋል ማለት ነው። (እኔም ለአባቴ እንደዚሁ አነብ ነበር፤ መልካም መልካሙን እየመረጥኩ።)

«ባግሩት ይኖረዋል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይኖረዋል» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አላስችል አለኝና መልሼ ደወልኩ፤ «አሁን እንዳይፈርሙ፤ እሁድ አብረን እንሂድ» አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመረዳት ትንሽ ቁጥር ያስፈልጋል። ተዑዳት ባግሩት ለማግኘት አንድ ተማሪ ቢያንስ 21 የሂዶት መፈተን አለበት። በተራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሒሳብ ቢያንስ 3፣ እንግሊዝኛ ቢያንስ 3፣ ዕብራይስጥ 2፣ ታናኽ 2፣ ሥነ ጽሑፍ 2፣ ታሪክ 2፣ ኤዝራሑት 2። ይህ 16 ይሆናል። የቀረው 5 ልጁ የመረጠው መጋማ ነው፤ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ኮምፒዩተር፣ ቲያትር፣ ስፖርት ወይም ሌላ። በሃይማኖታዊው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ማለትም ብዙ የኛ ልጆች በሚማሩበት በመምላኽቲ ዳቲ፣ የቃል ኦሪትና ሌሎች ትምህርቶች ስለሚጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ስለዚህ 3 ሒሳብና 3 እንግሊዝኛ ያለው ልጅም ባግሩት አለው፤ 5 እና 5 ያለውም ባግሩት አለው። በምረቃው ቀን ሁለቱም መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ፎቶ ይነሳሉ፣ እናቶቻቸው እኩል እልል ይላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከጸሓል ከወጡ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲውን የመመዝገቢያ ገጽ ሲከፍቱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ቢያንስ 4 የሂዶት ይፈልጋሉ። ለኢንጂነሪንግ፣ ለኮምፒዩተር ሳይንስና ለመሳሰሉት ደግሞ ሒሳብ 4 ወይም 5 የሂዶት ያለው ልጅ ነው የሚፈለገው።

ከዚያ ቦነስ የሚባለው አለ። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች 5 የሂዶት ሒሳብ ተፈትኖ 60 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው 35 ነጥብ ይጨመርለታል። ለ4 የሂዶት 12.5 ነው። በእንግሊዝኛ ለ5 የሂዶት 25፣ ለ4 ደግሞ 12.5 ይጨመራል። ለ3 የሂዶት ምንም የለም። እስቲ አስሉት፦ በ5 የሂዶት 70 ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ 105 ሆኖ ይቆጠራል፤ በ3 የሂዶት 100 ያመጣው እዚያው 100 ላይ ይቀራል። ቤት ውስጥ የሚሞገሰው ግን 100 ያመጣው ነው። 70 ያመጣውማ «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል።

ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። በ10ኛ ክፍል 3 የሂዶት ሒሳብ ውስጥ ያስገቡኝ ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የክፍል መምህሯ «እዚህ ይቀልሻል» አለችኝ፤ እውነትም ቀለለኝ። በመጨረሻ 96 አመጣሁ። አባቴ 96ን ለወንድሞቹ ሁሉ ደውሎ ነገራቸው፤ በስግድ ቀን እየሩሳሌም ላይ ላገኛቸው ሰዎች ሳይቀር አወራ። እኔ ያኔ ኢኮኖሚክስ ለመማር አስቤ ነበር። ከሰራዊት ስወጣ የፈለግሁት ክፍል ከ3 የሂዶት በላይ እንደሚጠይቅ አወቅሁ፤ አንድ ዓመት መኺና ገብቼ ሒሳብን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለሰራዊት ተሰናባች ከሚሰጠው ፒካዶን ገንዘብ ጥሩ ክፍያ ሄደበት። ለአባቴ ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ «መዘጋጃ ነው» አልኩት። ዛሬም 96ን ያነሳል።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ፣ ላማስ፣ በየዓመቱ ስግድ ሲቃረብ ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች ቁጥሮች ያወጣል። ቁጥሮቹን በዓመት በዓመት ብታዩ፣ በባግሩት በኛና በሌሎቹ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል፤ ይህ የወላጆችም የልጆችም ድካም ፍሬ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያን በሚያሟላ ባግሩት ላይ ግን ልዩነቱ ሰፋ ብሎ ይታያል። ማለትም ልጆቻችን ወረቀቱን ይዘው ይወጣሉ፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልጉትን በር አይከፍትም።

ሥሩ የቆየ ነው። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ በአሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ተላኩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የሙያ ክፍሎች ውስጥ ገቡ። ሙያ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን ያኔ የመረጠላቸው ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ምርጫው በወረቀት ይመጣል፣ ፊርማም ይጠየቅበታል፤ ያነበበው ከሌለ ግን ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ2006 ወደ 13 ሺህ ገደማ የነበሩት የ5 የሂዶት ሒሳብ ተፈታኞች በ2012 ከ9 ሺህ በታች ወረዱ፤ አገሩ ደነገጠ። በ2015 የትምህርት ሚኒስትሩ ናፍታሊ ቤኔት ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ብሔራዊ ዘመቻ ጀመሩ፤ ቁጥሩም መልሶ ከፍ አለ። አገሩ ሁሉ «5 የሂዶት» እያለ ሲጮኽ የኛ ሰፈር ልጅ «ሦስት ይበቃሃል» ሲባል ግን የሚደነግጥ ሰው አላየሁም።

ወደ ርሆቦት ልመለስ። እሁድ ዕለት ከዮዔጼቷ፣ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተቀመጥን። ክፉ ሴት አይደለችም። «ልጁ በመካከለኛው ሃካባፃ 74 አለው፤ 4 የሂዶት ውስጥ ገብቶ እንዳይሰበር ነው። በ3 ባግሩቱ የተረጋገጠ ነው» አለች። እናትየው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ በአማርኛ ወደኔ ዞረው፣ «ያኛው ጎረቤቱ፣ አብሮት የሚማረው፣ ስንት አለው በያት» አሉኝ። ስለ ሌላ ልጅ መናገር እንደማትችል መለሰች፤ ልክ ናት። ግን ልጁ ራሱ ከጎን «76» አለ። ጎረቤቱ 4 የሂዶት ተመዝግቧል። የሱ አባት ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት መጥተው ነበር።

እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ቆዳን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነጥብና የአባት ሁለት ጉብኝት ነበር።

ከዚያ በኋላ የጠየቅናቸውን ነገሮች ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማሉ ብዬ እጽፋቸዋለሁ። አንደኛው፣ «በ4 ጀምሮ ካልቻለ እስከ መቼ ወደ 3 መውረድ ይችላል?» የሚለው ነበር። እስከ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ይችላል ተባልን። ግልባጩንም ጠየቅን፤ «በ3 ጀምሮ ጎበዝ ቢሆን ወደ 4 ይወጣል?» ዮዔጼቷ ፈገግ አለችና «በወረቀት ላይ ይቻላል» አለች። ማህበረሰባችን ውስጥ ያደገ አንድ የሒሳብ መምህር በኋላ ሲያስረዳኝ፣ መውረድ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ለመውጣት ግን ሌሎቹ የተማሩትን ወራት ለብቻ ማካካስ ያስፈልጋል፣ ያም ሳይሆን ዓመቱ ይሄዳል አለኝ።

ሌላው ስለ እርዳታ ነበር። መምህራን ከክፍል ውጭ ለጥቂት ተማሪዎች የሚሰጧቸው ሻዖት ፕራታኒዮት አሉ፤ ካልተጠየቀ ለሌላ ልጅ ይሄዳሉ። በብዙ ከተሞች ለኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ የሚሰጡ የጥናት ፕሮግራሞች አሉ፤ የፔራሕ ተማሪዎችም አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ክፍያቸው ላይ እርዳታ እያገኙ ልጆችን የሚረዱ። አማርኛ የሚናገር መጋሼር በትምህርት ቤቱ ወይም በማዘጋጃ ቤቱ ካለ፣ በስብሰባው ላይ እንዲቀመጥ ጠይቁ። ልጃችሁ አስተርጓሚያችሁ መሆን የለበትም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በተለይ።

ስለ መጋማው ብዙ አልከራከርም። ልጁ ኳስ ይወዳል፤ ስፖርት መምረጡ ምን ክፋት አለው? ይወደዋል፣ ይማረዋል፣ 5 የሂዶት ያመጣለታል። (በነገራችን ላይ አማርኛም ባግሩት የሚፈተኑበት ትምህርት ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆች ቤት ውስጥ ሰምተው የሚያድጉትን ቋንቋ ፊደሉን ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በ19 ዓመቴ ነው፤ አያቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።) መጋማው ላይ ስንጨቃጨቅ ሒሳቡና እንግሊዝኛው ሳይታዩ እንዳያልፉ ነው የምፈራው።

ይህን ሳወራ የሰሙ አንድ አባት፣ «ሁሉ ሰው ኢንጂነር አይሆንም፤ ልጄ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ከኔ የተሻለ ይኖራል» አሉኝ። ልክ ናቸው። 5 የሂዶት ገብቶ እየወደቀ ሦስት ዓመት የሚያለቅስ ልጅም አውቃለሁ፤ ከ60 በታች ካመጣ ቦነሱም የለም፣ ከ55 በታች ደግሞ ወደቀ ማለት ነው። ለሱ 3 ወይም 4 መልካም ነበር። ግን መስመሩ ላይ ያለ ልጅ፣ 74 ያለው ልጅ፣ እርዳታ ተሰጥቶት ወደ ላይ ይሞክር እላለሁ። እኚያ አባትም ልጃቸው ኤሌክትሪሺያን የሚሆነው ፈልጎ ነው ወይስ ሌላው በር ተዘግቶበት ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱን እጠይቀዋለሁ» አሉኝ።

ርሆቦት ውስጥ ያችን ወረቀት ማንም አልፈረማትም። ልጁ ከፔሳሕ በኋላ የመመዘኛ ፈተና ወሰደ፤ 4 የሂዶት ውስጥ በሙከራ ገባ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ያጠናል፤ ማክሰኞ ዕለት የነበረውን የኳስ ልምምድ ተወ። በዚህ ደስተኛ አይደለም፤ እናቱን ሳምንት ሙሉ አኩርፏል። የበዓላቱ ሰሞን ካለፈ በኋላ የ10ኛ ክፍል የመጀመሪያ ፈተናው ተመለሰ። እናትየው እንደተለመደው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ላዩ ላይ በቀይ 61 ይላል።

ምን ልመልስ እያልኩ ሳስብ በድምፅ ሌላ መልዕክት ገባ። «ልጄ፣ ይሄኛውን ራሴ አንብቤዋለሁ። ከ60 በላይ ነው፣ አይደል?»