አሮጌ ፒያኖላዎችን ለማደስ ስለሚመረጥ ሙጫ

ኤድዊን ቮቴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 በዲትሮይት የሠራው ፒያኖላ የሚሠራው በአየር ነው፤ ወረቀቱ በተበሳበት ልክ ትንንሽ ወናፎች እየተኰማተሩ ፒያኖውን ያስመታሉ።

የወናፉ ልብስ ከእንጨቱ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ሙጫው አጥብቆ መያዝ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መልቀቅም ይገባዋል። ለዚህ የሚስማማው ከእንስሳት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ነው። ይኸውም በውሃ ከራሰ በኋላ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ እጅግ ቢግል ግን ኀይሉ ይደክማል። ከደረቀም በኋላ ሙቀትና እርጥበት ያላቅቁታል፤ አዲሱም በአሮጌው ላይ ይይዛል።

ነጩ ኮላ ግን በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ በላዩም ሌላ ሙጫ በደኅና አይይዝም። ተከታዩ አዳሽ እንጨቱን ለመፋቅ ይገደዳል፤ በፋቀም ቍጥር ከቀድሞው ሠሪ የእጅ ሥራ ይጐድላል።