እግሩ ሲጎድል ክኒኑን መተው

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት አንድ ሰው «የልብ ድካም አለብዎ» ሲባል ቤተሰቡ ልቡ ሊቆም ነው ብሎ ይደነግጥ ነበር። የልብ ድካም ግን ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲቀንስ ውኃ በእግር፣ በሆድና በሳንባ ይጠራቀማል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው፤ በወጣቶች ላይ ደግሞ በልጅነት የቶንሲል ሕመም መዘዝ የመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት በብዛት ይታያል።

ሕመምተኛው የሽንት ክኒኑን፣ ላሲክስ የምንለውን፣ ይጀምራል። እግሩ ይጎድላል፣ ትንፋሹ ይመለሳል፣ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ብዙም ሳይቆይ መተኛት አቅቶት፣ ቁጭ ብሎ እያደረ ይዘውት ይመጣሉ። እብጠቱን ያጎደለው እኮ ክኒኑ ነው! ለቅሶ ወይም ቅዳሴ ሲሄዱ ሽንት እንዳያስቸግራቸው የጠዋቱን የሚዘሉም አሉ። ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ቢወስዱት ይሻላል። በጾም ምክንያት የሚያቆሙትም መጀመሪያ ሐኪማቸውን፣ ከዚያ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን ይጠይቁ። እኔ እንዳየሁት የሃይማኖት አባቶች ለሕመምተኛ የሚሰጡት መልስ ሰው ከሚፈራው የቀለለ ነው።

ጨውን በተመለከተ «ወጥ ላይ አልጨምርም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። በርበሬውና ሽሮው ሲሰናዳ ጨው ገብቶበት የለም ወይ? ሚጥሚጣውስ? ስለዚህ የቤቱ በርበሬ ሲዘጋጅ የሕመምተኛውን ድርሻ ያለ ጨው ለይቶ ማስፈጨት ነው። ቡና በጨው የለመደ ሰውም ይህንኑ ልማድ መተው ይኖርበታል።

ሚዛን ካላችሁ በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ ቀለል ባለ ልብስ ይመዘን፤ ቁጥሩም ደብተር ላይ ይጻፍ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ እግሩ እስኪያብጥ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሚዛን ከሌለ ቅልጥሙን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስት ከጠየቀም ምልክት ነው።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ ስትገዙ የልብ ሕመም እንዳለ ተናገሩ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ በራሳችሁ አታቁሙት፣ ሌላ የሚተካው መድኃኒት አለ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ኢናላፕሪል ጽንሱን ስለሚጎዳ ሳትዘገይ ለሐኪሟ ትንገር።

ትንፋሽ አጥሮት የሚያቃትት፣ አረፋ ያለው አክታ የሚያስል ወይም ራሱን የሳተ ሰው ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ለመደበኛው ቀጠሮ ደግሞ የክኒኖቹን ማሸጊያ በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። «ነጯን ክኒን» ስትሉን ግማሹ መድኃኒት ነጭ ነው።