የ2018 የኒው ዮርክ 14ኛ ምርጫ ክልል የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ

ይህ ቅድመ ምርጫ ሰኔ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2018) በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ የብሮንክስና የኩዊንስ ሰፈሮች ተካሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት የ28 ዓመቷ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ለ19 ዓመታት የኮንግረስ አባል የነበሩትን ጆሴፍ ክራውሊን አሸንፈዋል። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ተፎካካሪ በመራጮች ቅስቀሳ ነባር ተመራጭን እንዴት ሊጥል እንደሚችል ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

የምርጫው ሥርዓት

የተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ አባል ከአንድ የምርጫ ክልል ለሁለት ዓመት ይመረጣል። ከአጠቃላይ ምርጫው በፊት ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ምርጫ ቅድመ ምርጫ ይባላል። በ14ኛው ክልል የዴሞክራቶች ደጋፊዎች በጣም ስለሚበዙ፣ መቀመጫውን የሚይዘው ሰው በተግባር የሚለየው በቅድመ ምርጫው ነው።

በኒው ዮርክ በቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ፓርቲ መቀየር የፈለገ ሰው ከስምንት ወራት በፊት ማመልከት ነበረበት።

ተፎካካሪዎቹ

ክራውሊ በምክር ቤቱ የዴሞክራቶች ቡድን ሊቀ መንበር፣ በኩዊንስም የፓርቲው መሪ ነበሩ። ከ2004 ወዲህ በቅድመ ምርጫ የተገዳደራቸው አልነበረም። ኦካሲዮ-ኮርቴዝ የብሮንክስ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ2016 በበርኒ ሳንደርስ የምርጫ ዘመቻ ሠርተዋል፤ ለኮንግረስ ሲወዳደሩም በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት ይተዳደሩ ነበር።

ገንዘብና ቅስቀሳ

ክራውሊ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች የሁለቱን ወጪ 18 ለ 1 አድርገው አስልተውታል። ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ከኩባንያዎች የፖለቲካ መዋጮ ኮሚቴዎች ገንዘብ እንደማይቀበሉ አስታውቀው፣ አብዛኛውን ገንዘብ ከ200 ዶላር በታች ከሚያዋጡ ግለሰቦች አሰባሰቡ። በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መራጮችን አነጋገሩ፤ ፖስተሮችም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተዘጋጁ። ሕይወታቸውን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም በማኅበራዊ መገናኛዎች በስፋት ታየ።

ውጤት

ኦካሲዮ-ኮርቴዝ 16,898፣ ክራውሊ 12,880 ድምፅ አገኙ። ወደ 700 ሺህ ሰዎች በሚኖሩበት ክልል ውጤቱን የወሰኑት ከ30 ሺህ ያነሱ መራጮች ሲሆኑ፣ ልዩነቱም 4,018 ድምፅ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2018) በተካሄደው አጠቃላይ ምርጫ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ አሸንፈው፣ በ29 ዓመታቸው ለኮንግረስ ከተመረጡ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ሆኑ።

ትርጉሙ

ድምፅ የሚሰጠው ሰው ቁጥር ሲያንስ ጥቂት ሺህ አዳዲስ መራጮችን ማውጣት ውጤቱን ይቀይራል። በእንዲህ ዓይነቱ ምርጫ በር ማንኳኳት ከውድ ማስታወቂያ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ስልቱ ሁልጊዜ አይሳካም፤ በዚያው ቀን በኒው ዮርክ ካሮሊን ማሎኒና ኢቬት ክላርክ ተፎካካሪዎቻቸውን አሸንፈው መቀመጫቸውን አስጠብቀዋል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በማሳቹሴትስ አያና ፕረስሊ የረጅም ጊዜ ተመራጩን ማይክል ካፑዋኖን አሸንፈዋል። ነባር ተመራጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፉ ቢሆንም፣ ከ2018 ወዲህ ያለ ተፎካካሪ እንደሚያልፉ እርግጠኛ መሆን ከብዷቸዋል።