አይሮፕላን ስለ መለወጥ ለነጋዴዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በቦሌ በኩል ለዕቃ ግዢ ወደ ቻይና የሚሄድ ነጋዴ፣ በጓንግዡ አይሮፕላን ለውጦ ወደ ይዉ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጉዞውን ሁሉ በአንድ ቲኬት ያስይዝ። የፊተኛው አይሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው፣ እንደ ደንቡ በሌላ ይሳፈራል። ዋጋው ረክሶለት ሁለት ቲኬት ለየብቻ የገዛ ግን፣ ያመለጠውን እንደገና የሚገዛው ከኪሱ ነው።

በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ይኸውም «ማክሰኞ 01:30» ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ማክሰኞ ማለዳ የሚመጣ ሰው የሚደርሰው አይሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው።

ልዩ የማረፊያ ክፍል የተፈቀደው ለቢዝነስ ክላስ መንገደኛና፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. የገባበት የስታር አልያንስ ማኅበር የወርቅ ካርድ ላለው ነው። ነገር ግን ምቾት ያዘናጋልና፣ የመሳፈሪያው በር ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ እንደሚዘጋ አይዘንጋ።