ቂም በማን ቤት ያድራል?

በአሰንዳቦና በዙሪያዋ ባለው የጅማ አገር የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ፣ እሸቱን ሳያደርቅ በጆንያ ቋጥሮ ጓዳ የሚያስገባ ገበሬ አይገኝም። ቢያስገባው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ምንም አይጎዳም፤ ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኔም እንዲህ ያለ ጆንያ ዘጠኝ ዓመት በልቤ ይዤ ኖሬአለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል ለዳይሬክተርነት እንዳልመረጥ አደረገኝ ብዬ አምኜ ነበርና ሰላምታ ነሣሁት። እርሱን ላለማግኘት አውራ ጎዳናውን ትቼ በክረምት በጭቃው ጓሮ እዞር ነበር። ጫማው የተበላሸው የእኔ ነው፤ እርሱ በደኅናው መንገድ ይሄድ ነበር። እናቱ የሞቱ ጊዜ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ፣ እኔ ደብተር አርማለሁ ብዬ ቤቴ ተቀመጥሁ። ከሁሉ የከፋው ግን በቅዳሴ ጊዜ ነው። ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ዲያቆኑ ሲያዝ ዓይኔን ወደ መሬት እጥል ነበር፤ ያንን ትእዛዝ በልጅነቴ በዲቁና ሳገለግል በገዛ አፌ ያሰማሁ ሰው ነኝ።

ጉዳቱ የነፍስ ብቻ አይምሰለን። በአሜሪካ አገር በሆፕ ኮሌጅ የተደረገና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። 71 ተማሪዎች የበደላቸውን ሰው እያሰቡ ቂማቸውን ሲያመላልሱ ልባቸው ፈጥኖ መታ፣ የደም ግፊታቸው ከፍ አለ፣ ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ይቅር ማለትን ባሰቡ ጊዜ ግን ረገበላቸው። በዳዮቹ በዚያ ክፍል አልነበሩም!

ይህን ስል በደል ካሣ አይጠየቅበት ማለቴ አይደለም። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ስለ ነፍስ መጥፋት በሚደረገው የጉማ ሥርዓት ካሣውም ዕርቁም አብረው ይፈጸማሉ።

መለያየት ከአንድ ሰው ወደ ብዙዎች ሲዘረጋ ደግሞ ዋጋው ይበዛል። አቡነ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. በፓትርያርክነት ከተሾሙ ወዲህ፣ ቀደም ብለው ከመንበሩ የተለዩት አቡነ መርቆሬዎስ በስደት ሲኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ነበር። የአባቶችን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ምእመናኑ ነው። በውጭ አገር ዘመዳሞች በበዓል ቀን በየተለያየ ደጅ ይሳለሙ ነበር። ዕርቁ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈጸመ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ሐምሌ 25 ቀን አገራቸው ገቡ። አቡነ ጳውሎስ ግን ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐርፈው ነበርና ይህን ቀን አላዩም።

ዕርቁ በተሰማበት በዚያው ክረምት የንስሐ አባቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ባልደረባዬ ቤት ላኩኝ። በመንገድ ላይ ረዥም ንግግር ሳዘጋጅ ሄድሁ። እርሱ በሩን ከፍቶ ገና ሲያየኝ፣ «ጨጓራህ ተሻለህ ወይ?» አለኝ። ከሰው የራቅሁት ታምሜ መስሎት ኖሮአል። የስብሰባውን ቃል ባነሣበት ቢያስብ ቢያስብ ሊያስታውሰው አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን ዋጡ።

ባለቤቱ ቡና አፈላች። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናቱ ፎቶግራፍ ከአቦል እስከ በረካ ፊት ለፊቴ ነበር። ስንነሣ እጁን ይዤ፣ ያን ጊዜ ልለው የሚገባኝን «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልሁት።